ከመኪናዋ ኋላ የሚሮጥ ሹፌር

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ኖረዋል። ሊጠይቁን ናይሮቢ መጥተው ላቪንግተን እኛ ቤት ሦስተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። የምንኖረው ከጄምስ ጊቹሩ መንገድ ገባ ብሎ ካሉት አዳዲስ ሕንፃዎች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ ማሙሽ ቅዳሜ 4 ዓመት ሊሞላው ነበር፤ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በሪሞት የምትነዳ መኪና። ማክሰኞ ማታ፣ እሱ ተኝቷል ብለን፣ ራት በበላንበት ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ተባባልን።

እኔ፦ ጋሼ፣ እስቲ ይህቺን ይዩልኝ። ቀይዋን፣ ባለ ትልልቅ ጎማዋን።

ጋሼ፦ (ስልኩን ራቅ አድርገው) ታምራለች። ስንት ትሮጣለች ይላል?

እኔ፦ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር።

ጋሼ፦ ኮሪደራችሁስ ስንት ሜትር ነው?

እኔ፦ የቱ ኮሪደር?

ጋሼ፦ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ያለው። ተዪው፣ ትናንት በርምጃ ለክቼዋለሁ፤ 8 ሜትር ነው። በሰዓት 40 ማለት በሰከንድ 11 ሜትር ነው። ልጁ ነዳጅ ሰጥቶ ጣቱን ከማንሣቱ በፊት መኪናዋ ግድግዳው ውስጥ ናት።

እኔ፦ ቤት ውስጥ ማን ይነዳል አለ? ታች ግቢው አለ።

ጋሼ፦ ግቢው የመኪና ማቆሚያ ነው። አንድ ጎረቤትሽ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያወጣ ልጁ ከኋላ ጎማ ሥር አሻንጉሊቱን ሊያነሣ ሲያጎነብስ ይታየኛል። እሱን ለጊዜው እንተወው። ጽሑፉን ዝቅ አድርጊውማ። ይህቺ ትንሿ ቁጥር ምንድን ናት?

እኔ፦ 14 እና የመደመር ምልክት።

ጋሼ፦ ምን ማለት ነው?

እኔ፦ 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ። ግን ጋሼ፣ ይህን እኮ ሁሉም ለጥንቃቄ ነው የሚጽፈው። ደግሞ ልጅ ያድጋል፤ ጫማ እንኳ ሰፋ አድርገን አይደል የምንገዛለት?

ጋሼ፦ ሰፊ ጫማ ባለቤቱን ብቻ ነው የሚጥለው። እስቲ እናስላው። ይህቺ ቀይ መኪና ከነባትሪዋ ወደ 2 ኪሎ ትመዝናለች። ሌላ 300 ግራም የምትመዝን፣ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ትንሽ መኪና አስቢ። ሁለቱም ተራ በተራ የልጅ ቁርጭምጭሚት ቢመቱ፣ ልዩነቱ በክብደት ብቻ ሰባት እጥፍ ሊጠጋ ነው። ፍጥነት ደግሞ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚገባው። ሁለቱን ስታባዢው የቀይዋ ምት ከትንሿ ወደ 300 እጥፍ ይሆናል። የጻፉት ቁጥር ለይስሙላ አይደለም።

እኔ፦ ...

ጋሼ፦ የልጁ ቁርጭምጭሚት ብቻም አይደለም፤ የጎረቤት ልጅ አለ፣ ድመት አለ፣ እኔም አለሁ።

እኔ፦ እሺ፣ ቀስ የምትል እንግዛ። ግን ያችን በእግሩ የሚሄደውን እንቁላል ተረት እንዳያመጧት።

ጋሼ፦ አላመጣትም። ይልቅ ያችን በገና የገዛሻትን፣ የሞተችውን አምጪልኝ። ካቻቪቴም አምጪ።

(ከአልጋ ሥር አወጣኋት። ከአንድ ሱቅ በርካሽ የገዛኋት ሰማያዊ መኪና ናት፤ ሦስት ቀን ብቻ ሠርታለች። ጋሼ አራቱን ብሎኖች ፈትተው ሆዷን ከፈቱት።)

ጋሼ፦ ምን ሆና ነበር የሞተችው?

እኔ፦ መጀመሪያ አበደች። ልጁ ሪሞቱን ሳይነካ ብቻዋን ትነሣ ጀመር። ታች ግቢው በተነጠፈበት ካብሮ ላይ ቆማ ሳለች ድንገት ዞራ ጥበቃው እግር ሥር ገባች፤ ሰውዬው ዘሎ ወንበሩ ላይ ወጣ። በኋላ ስናጣራ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ልጅ ያችኑ መኪና ተገዝቶለት በረንዳ ላይ ሆኖ እየነዳ ነው። የእሱ ሪሞት የእኛንም ያንቀሳቅሳል፤ የእኛም የእሱን።

ጋሼ፦ (ስቀው እንባቸውን ጠረጉ) ይሄ የእኔ ሙያ ነው። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ በ27 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠሩት። ሪሞቱ ይጮኻል፤ በዚያ ሞገድ ላይ ጆሮ የከፈተች መኪና ሁሉ ትሰማለች። ማን እንደጠራት አትጠይቅም። እኛ ዘመን ማታ ማታ በመካከለኛ ሞገድ ሁለት ጣቢያ ተደራርቦ አንዱ ዜና ሲያነብ ሌላው ሲዘፍን እንደምንሰማው ነው። አሁን ያሉት ደህናዎቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ናቸው። ሪሞቱና መኪናዋ መጀመሪያ ይተዋወቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ቢጠራት ዞር ብላ አታይም። ሃያ ልጅ አንድ ግቢ ውስጥ ቢነዳም አይደባለቅም።

እኔ፦ ሳጥኑ ላይ ይጻፋል?

ጋሼ፦ ደህና ከሆነ ይጽፋል፤ ይኮራበታላ። ባይጽፍም አንቴናውን አይተሽ ታውቂያለሽ። የ27 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 11 ሜትር ነው። ለእሱ በወጉ አንቴና ልሥራ ብትዪ ሩቡ እንኳ ከሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል። ስለዚህ በሽቦ ጥቅልል ያሳጥሩትና ከሪሞቱ ላይ እንደ ዘንግ ያቆሙታል። ያ ዘንግ ዓይን ይወጋል። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ግን 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ ሩቡ 3 ሴንቲ ሜትር፣ የጣት አንጓ ያህል። ሳጥኑ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ ሪሞቱ ላይ የሚመዘዝ ዘንግ ካየሽ ተመለሺ።

እኔ፦ ይህን ለሻጭ ብነግረው ምን ይለኛል?

ጋሼ፦ መምህር ናት ይልሻል። (የመኪናዋን ሆድ በካቻቪቴው ጫፍ እየጠቆሙ) እይ፤ የሞተችው በሌላ ነው። ይህቺ ትንሽ ጥርስ ተሰንጥቃለች፤ ፕላስቲክ ናት። ዲናሞው ደህና ነው። ሻጩ ጋ የዚህች ጥርስ መለዋወጫ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ትሄድ ነበር። የለውም አይደል?

እኔ፦ ጠይቄዋለሁ። ሌላ ግዢ አለኝ።

ጋሼ፦ በዚህ በዚህ ቀይዋ ሳትሻል አትቀርም። የነዚህ ትልልቆቹ ዕቃ ለየብቻው ይሸጣል፤ ጎማው፣ አሞርዛተሩ፣ ጥርሱ፣ ሁሉ። እነ ታሚያ ጃፓኖቹ እ.ኤ.አ. በ1976 የመጀመሪያዋን የሪሞት መኪናቸውን፣ ፖርሸ 934ን ሲያወጡ እንኳ ተገጣጥማ አይደለም የተሸጠችው። ገዢው ራሱ ነው የሚገጥማት። የገጠመ ሰው መፍታትም ያውቃል። ይህ ግን ለአሥር ዓመት ልጅ እንጂ ለማሙሽ አይደለም። ለጊዜው የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ መኪናዋ በብሎን የተያዘች ትሁን፣ በሙጫ የተጣበቀች አትሁን። በብሎን ከሆነች እኔ አለሁ።

እኔ፦ እርስዎ በሚቀጥለው ሳምንት ይሄዳሉ።

ጋሼ፦ እንግዲያው ካቻቪቴውን ላንቺ ትቼልሽ እሄዳለሁ።

እኔ፦ የፍጥነቱ ነገር ግን አልለቀቀኝም ጋሼ። ይህ ልጅ መኪና የወደደው የሳፋሪ ራሊን በቴሌቪዥን አይቶ ነው። ናይቫሻ ላይ ያ ሁሉ አቧራ ሲነሣ፣ መኪናው ውሃ ሰንጥቆ ሲያልፍ አየ፤ ከዚያ ወዲህ ማንኪያውም መኪና ነው። አሁን የምትንፏቀቅ ነገር ብሰጠው ያዝናል።

ጋሼ፦ ሳፋሪን ከጠራሽማ እኔ ላውራ። እ.ኤ.አ. በ1953 ለእንግሊዟ ንግሥት ዘውድ መድፋት ብለው የጀመሩት ውድድር ነው። ዝናው በምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሰው ባለመጨረሱ። በ1963 እና በ1968 ከተነሡት ብዙ መኪኖች መጨረሻው የደረሱት ሰባት ሰባት ብቻ ናቸው። ጆጊንደር ሲንግ የሚባለው የዚህ አገር ሰው ሦስት ጊዜ አሸንፏል፤ በ1965፣ በ1974 እና በ1976። መካኒክ ነበር ሰውየው። ሳፋሪ ከፈጣን ይልቅ ያልተሰበረ የሚያሸንፍበት ውድድር ነው። ከዓለም ሻምፒዮናው ወጥቶ ቆይቶ በ2021 ሲመለስም ያው ድንጋይና ያው ጭቃ ነው የጠበቃቸው።

እኔ፦ ይህን ለአራት ዓመት ልጅ ያስረዱታል?

ጋሼ፦ እሱ ያስረዳኛል። እሱ እኮ አላስቸገረም፤ ለፍጥነት የጓጓሽው አንቺ ነሽ።

(ዝም አልኩ። ሻይ ቀዳሁላቸው።)

ጋሼ፦ ባትሪዋስ እንዴት ነው?

እኔ፦ የቀይዋ ሊቲየም ነው። ሪሞቱ ግን ድንጋይ ነው የሚፈልገው፣ ሁለት ትንንሽ።

ጋሼ፦ የእንዲህ ያለች መኪና ሊቲየም ትልቅ ሰው ይፈልጋል። አንዱ ክፍል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል። ከተበሳ ወይም ካበጠ እሳት ነው። የትንንሾቹ መኪኖች ባትሪም ከዚያው ዘር ነው፤ መጠኑ ስለሚያንስና መቆጣጠሪያ ስለሚገጠምለት ይሻላል እንጂ ንጹሕ አይደለም። አንቺ ስልክሽን ሌሊቱን ሙሉ አልጋ ላይ ሰክተሽ እንደምታድሪ አይቻለሁ። የመኪናዋን እንዲያ አታደርጊም። ቀን፣ ዓይንሽ እያየ፣ ሴራሚክ ላይ አስቀምጠሽ፤ ሲሞላ ትነቅያለሽ። ከሩጫ እንደ ገባችም ወዲያው አይሰካም፤ ትቀዝቅዝ።

እኔ፦ በድንጋይ የምትሠራውን ብገዛስ?

ጋሼ፦ እሱ በደህንነት አይከፋም፤ ኪስሽን ግን ይበላል። አራት ድንጋይ ለመኪናዋ፣ ሁለት ለሪሞቱ፤ ልጁ በሁለት ቅዳሜ ይጨርሳቸዋል። የሚሞሉ ድንጋዮች አሉ፤ 1.2 ቮልት ስለሆኑ መኪናዋ ትንሽ ትዘገያለች። ለኛ ምን ገዶን! እንዲያውም እሰየው። ከአዲስ አበባ ቻርጀር ላምጣ እንዳትዪኝ፤ የእኛ ሶኬት ባለ ሁለት ክብ እግር፣ የእነሱ ባለ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ነው። በዩኤስቢ የሚሞላ ብትገዢ ይህ ጣጣ የለም።

እኔ፦ መብራቱ እንኳ አሁን የአገራችን ነው ይላሉ።

ጋሼ፦ በከፊል አዎ። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ እዚህ ኬንያ ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መስመር ተዘርግቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ለኬንያ እየተሸጠ ነው። የማሙሽን መኪና የሚነዳት የኦሞ ውሃ ሊሆን ይችላል። አገራችን የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች በኋላ እኮ ሁላችንም ባለ ባትሪ መኪና ሆነናል፤ የእሱ ያንሳል እንጂ።

እኔ፦ ጨረሱ?

ጋሼ፦ ስለ ባትሪ አንድ ቀርቶኛል፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አንዳንድ ቀጫጭን ሪሞት እንደ ሳንቲም ያለ ክብ ባትሪ አለው። እንዲህ ያለ ነገር እቤትሽ እንዳይገባ። ልጅ ቢውጠውና ጉሮሮው ላይ ቢቀር፣ ከምራቁ ጋር ሆኖ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ሊያቃጥል ይችላል። ልጁ ላያለቅስ ይችላል፤ ማሳልና ምራቅ ማዝረብረብ ብቻ ይሆናል። ዋጠ ብለሽ ከጠረጠርሽ ነገ ይወጣል ብሎ መጠበቅ የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። የየትኛውም ዓይነት ባትሪ ክዳን በብሎን ይዘጋ፤ በጣት ተገፍቶ የሚከፈተውን አትግዢ።

(እዚህ ላይ የመኝታ ቤቱ በር ተንቋቋ። ማሙሽ ባዶ እግሩን፣ ፒጃማው እየተጎተተ፣ ዓይኑን እያሸ ወጣ። ሰማያዊዋን መኪና ሆዷ ተከፍቶ ሲያያት ነቃ።)

ማሙሽ፦ አባባ፣ ሐኪም ነህ?

ጋሼ፦ ነኝ። ና እስቲ እዚህ። (ክዳኑን መልሰው፣ ጀርባዋን ወደ ልጁ፣ ፊቷን ወደ ራሳቸው አድርገው አስቀመጧት።) በእጅህ ወደ ቀኟ አዙራት።

(በትክክል አዞራት።)

ጋሼ፦ ጎሽ። አሁን ወደ አንተ እየመጣች ነው። (ፊቷን ወደ እሱ መለሱት።) ወደ ቀኟ አዙራት።

(ወደ ራሱ ቀኝ አዞራት፤ ለእሷ ግራ ነው። ጋሼ ወደ እኔ ቀና አሉ።)

ጋሼ፦ አየሽ? አንቺም ብትሆኚ መጀመሪያ ትሳሳቻለሽ። መኪናዋ ከአንቺ ስትሄድ ቀኟ ቀኝሽ ነው፤ ወደ አንቺ ስትመለስ ቀኟ ግራሽ ይሆናል። የሪሞት መኪና ትምህርቱ በሙሉ እዚህች ላይ ነው፤ ሌላው ጣት ማንቀሳቀስ ነው። ልጁ በሐሳቡ ሹፌሩ ወንበር ላይ መቀመጥ አለበት፤ በአራት ዓመት ይህ ከባድ ነው። ፈጣን መኪና ከሰጠሽው ሄዳ ትመለስበታለች፣ ግራ ሲለው ይደነግጣል፣ ትጋጫለች። ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ተጋጭታ ሪሞቱን ይወረውረዋል። የገዛ ሰው ሁሉ ልጁ ሰለቸው ይላል። ልጁ አልሰለቸውም፤ አልገባውም።

እኔ፦ መፍትሔውስ?

ጋሼ፦ ከኋላዋ ይሩጥ። ከኋላዋ እስካለ ድረስ ቀኟ ቀኙ ነው። ለዚህ ነው በሰዓት 6 ያልኩሽ፤ የእሱ ሩጫ ነው። ከልጁ እግር የምትፈጥን መኪና የመጀመሪያ መኪና አትሆንም። ሌላው ሁሉ፣ ሞገዱም ባትሪውም ከዚህ በኋላ ነው።

እኔ፦ ይህን የት ተማሩት?

ጋሼ፦ የሽቦ መኪና ነድቼ። ሽቦውን ከአጥር ሰርቀን አካል እንሠራለን፤ ጎማው የሳርዲን ቆርቆሮ ወይም ከአሮጌ ሲሊፐር የተቆረጠ ነው። መሪው ረጅም ሽቦ ነው፤ ከፊት ጎማ ተነሥቶ ደረታችን ድረስ ይመጣል። እንግዲህ ከኋላዋ እየሮጥን ነው የምንነዳት። ወደ እኛ መጥታ አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ1898 ኒኮላ ቴስላ ኒው ዮርክ ላይ ጀልባ በሬዲዮ ሲነዳ ተመልካቹ አስማት መሰለው ይባላል፤ ጣልያኖቹም በ1966 ከመጀመሪያዎቹ የሬዲዮ መኪኖች አንዷን፣ ፌራሪ 250ን፣ ለገበያ ሲያወጡ ትልቅ ነገር ነበር። እነሱ ሽቦውን ቆረጡት። ሽቦው ሲቆረጥ ግን ሹፌሩ ባለበት ቆሞ ቀረ።

እኔ፦ እዚህም አለ እኮ። በጊታንጋ መንገድ ጥቂት ወደ ታች ካዋንግዋሬ ሲገባ ልጆች የሽቦ መኪና እየገፉ ሲሮጡ አይቻለሁ። እኛ ግቢ ግን አንድም የለም። ግቢያችን ውስጥ ሽቦ ያለው አጥሩ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ኤሌክትሪክ ነው።

ጋሼ፦ (ዝም ብለው ቆዩ) የአንቺ ወንድም የሽቦ መኪና ነበረው አይደል? ሠፈራችሁ እመጣ ስለነበር ትዝ ይለኛል። ቀይ ቀለም ቀብቷት።

እኔ፦ ነበረው።

ጋሼ፦ አንቺስ?

እኔ፦ እኔ ስትሰበር ሽቦ እይዝለት ነበር። ንጂ ብሎኝ አያውቅም። ሴት ልጅ መኪና ምን ያደርግላታል ይላሉ እማማ፣ እኔም ዝም። የኩሽኔታ ጋሪያቸውንም ቁልቁል ሲለቁት እኔ ከላይ ሆኜ ጫማቸውን ነበር የምጠብቀው።

ጋሼ፦ እንግዲህ ቀይዋን ለማን እንደምትገዢያት ታወቀ።

እኔ፦ (ሳቅሁ) ገና ለገና ቀይ ሆነች ብለው ነው?

ጋሼ፦ እኔ አልፈርድብሽም። ከፈለግሽ ለራስሽ ግዢ፤ 14 ዓመት አልፎሻል። ልጁን ግን በእሷ አትጀምሪው።

ማሙሽ፦ እማዬ፣ መኪና ልትገዢ ነው?

እኔ፦ አንተ አልተኛህም ነበር?

(ጋሼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ምሽቱ ከዚህ በኋላ የእሱ ሆነ፤ እኛም የቀረውን በሹክሹክታ ጨረስን።)

እኔ፦ ሪሞቱስ? ባለ ሽጉጥ እጀታ አለ፣ ባለ መሪ አለ፣ ባለ ሁለት ዘንግ አለ።

ጋሼ፦ እጁን እየው፤ ሽጉጡን አይጨብጠውም። ሁለት ዘንግ ያለው ይሁን፤ የግራ አውራ ጣት ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ የቀኝ አውራ ጣት ወደ ግራና ወደ ቀኝ። ሁለቱ ሥራ ለሁለት እጅ ተከፈለ። ባለ አንድ ቁልፍም አይቻለሁ፤ ሲለቁት ራሷ ወደ ኋላ እየዞረች የምትሄድ። እሷ ለሁለት ዓመት ልጅ ናት። ከተቻለ ደግሞ ትንሽ ሲጫን ትንሽ የምትሄድ፣ ብዙ ሲጫን የምትፈጥን ፈልጊ። ርካሾቹ ወይ በሙሉ ኃይል ናቸው ወይ ቆመዋል። ካላገኘሽ ግን አትጨነቂ፤ ቀስ የምትል እስከሆነች ድረስ ያስኬዳል።

እኔ፦ ጎማዋስ? ካብሮው መሃል መሃሉ ክፍተት አለው። ሰማያዊዋ እዚያ ነበር የምትቀረቀረው። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ቀዩ አፈር አለ።

ጋሼ፦ ጎማዋ ጎማ ይሁን፣ የሚያንሸራትት ፕላስቲክ አይሁን፤ ከልጁ ጡጫ አይነስ። ፊቷ ላይ ለስላሳ ፓራውልት ይኑራት። ሲጋጭ ድምፁ ጧ ካለ መጥፎ ነው፣ ድፍ ካለ ጥሩ ነው። የዕድሜውን ቁጥር አንብቢ። የኬንያ ደረጃዎች መሥሪያ ቤት ምልክት እንዳለበት እይ። የት ነው የምትገዢው?

እኔ፦ ላቪንግተን ሞል እዚሁ ቅርብ ነው። ርካሹ መሃል ከተማ፣ ሉቱሊ ጎዳና ይገኛል ይላሉ። በስልክ አዝዘን በሞተር ሳይክል ይምጣ ብዬም ነበር።

ጋሼ፦ ከየትም ይሁን፣ ዓይንሽ ሳያያት አትክፈዪ። ሳጥኑን አስከፍቺ፣ ድንጋይ አስገቢና ሱቁ ወለል ላይ ንጂያት። እንቢ ካለ ውጪ። በኤምፔሳ ከከፈልሽ በኋላ የሚሰማሽ ሰው የለም።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ሄድን። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ቢጫ መኪና አገኘን፤ ሁለት ዘንግ፣ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ በዩኤስቢ የሚሞላ፣ ክዳኑ በብሎን የተያዘ። ጋሼ ሱቁ ውስጥ ተንበርክከው ሆዷን ሲመረምሩ ሻጩ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ናችሁ አለን። ዋጋዋ የቀይዋን ሩብ አይሞላም። ቀይዋን ሳላያት አለፍኩ ብል ውሸት ነው፤ በእጄ አንሥቼ ክብደቷን አይቼ መልሻታለሁ።

ቅዳሜ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ኮሪደሩን ባዶ አደረግነው። ማሙሽ ከመኪናዋ ኋላ ኋላ እየሮጠ ሞግዚቱ እንዳስተማረችው በስዋሂሊ ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ ቀስ፣ ይላታል። ግድግዳው ጋ ሲደርስ በእጁ አንሥቶ ያዞራታል፣ እንደገና ከኋላዋ ይሮጣል። ወደ ራሱ እንድትመጣ አንድ ጊዜም አልሞከረም። ከዚያ ተራው የጋሼ ሆነ፤ በቀኙ ግድግዳ በኩል አስነሥተው ነዱ። ማሙሽ ጮኸባቸው። በግራ ነው አባባ፣ መኪና በግራ ነው የሚሄደው! ጋሼ ቆም ብለው አሰቡና፣ በ1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ ስትቀይር እሳቸው ትንሽ ልጅ እንደነበሩ፣ መንገድ ሲሻገሩም አባታቸው አንገታቸውን ይዘው ያዞሯቸው እንደነበር ነገሩት። ልጁ አልተቀበለም። እኔ በሦስተኛ ተራ ነዳሁ፣ በግራ። ኮሪደራችን ውስጥ የሚነዳው በግራ ነው።